አብርሃም ያመነበት ሌሊት፤ ስለ እምነትና ስለ ድኅነት የቆየ ክርክር

በቅዱሳት መጻሕፍት ከሚገኙት ቃላት መካከል እምነትና ድኅነት የሚባሉትን ሁለቱን ያህል በሰው አፍ የተመላለሰ፣ ሊቅንም ከሊቅ ያከራከረ ቃል ጥቂት ነው። በነዚህ በሁለቱ ምክንያት ጉባኤ ተሰብስቧል፤ ግዝት ወጥቷል፤ በአውሮፓም ምድር መንግሥት ከመንግሥት ተለይቶ ደም ፈሷል። የክርክሩ ምንጭ ሲመረመር ግን አንዲት አጭር ቃል ሆና ትገኛለች፤ እርስዋም በኦሪት ዘፍጥረት በ15ኛው ምዕራፍ በ6ኛው ቍጥር ስለ አብርሃም ማመንና እምነቱ ለጽድቅ ስለ መቈጠሩ የምትናገረው ናት። ይህችን ቃል ቅዱስ ጳውሎስም ቅዱስ ያዕቆብም ጠቅሰዋታል፤ ጳውሎስ ሰው በእምነት እንዲጸድቅ ሊያስረዳባት፣ ያዕቆብ ደግሞ በእምነት ብቻ እንዳይጸድቅ ሊያስረዳባት። አንድ ምስክር ለሁለት ተሟጋቾች የቆመ ይመስላል። እንዲህም ከሆነ ወይ ከሁለቱ አንዱ ስቷል፤ ወይ አንባቢው ቃሉን በሚገባ አላስተዋለም። የነገሩ ታሪክ የሚመሰክረው ሁለተኛውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ከሥሩ መመርመር ይገባል። ኦሪት በተጻፈበት በዕብራይስጥ ቋንቋ ማመን ማለት መጽናት፣ መደገፍ፣ ራስን በማይናወጥ ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። በጸሎታችን መጨረሻ የምንለው አሜን ከዚሁ ከአንዱ ሥር የወጣ ነው። ስሙም ኤሙና ይባላል። ኤሙና በኦሪት ውስጥ በግልጽ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ዘጸአት ምዕራፍ 17 ነው፤ የሚናገረውም ስለ ልብ አሳብ ሳይሆን ስለ እጅ ነው። እስራኤል ከአማሌቅ ጋራ ሲዋጉ ሙሴ በኰረብታው ራስ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ በደከመም ጊዜ አሮንና ሆር ከግራና ከቀኝ ደገፉት፤ እጆቹም ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ኤሙና ሆኑ፤ ማለት ጸኑ። እንግዲህ በመጽሐፍ አነጋገር እምነት በአፍ ተናግረው የሚተዉት ነገር አይደለም፤ የተዘረጋ እጅ እስከ ማታ ሳይወርድ እንዲቆይ የሚያደርግ ጽናት ነው እንጂ። ነቢዩ ኢሳይያስም የሶርያና የኤፍሬም ነገሥታት በይሁዳ ላይ በተነሡ ጊዜ ለንጉሡ ለአካዝ የነገረው ከዚሁ የተገኘ የቃል ጨዋታ ነው፤ በምዕራፍ 7 በ9ኛው ቍጥር ያለማመንን ያለመጽናት ምክንያት አድርጎ በአንድ ግሥ ሁለት ጊዜ ይናገራል።

ድኅነትም በኦሪት ዘንድ አስቀድሞ ከሚታይ መከራ መውጣት ነው። እስራኤል በፊታቸው ባሕር፣ በኋላቸው የፈርዖን ሠራዊት በሆነባቸው ጊዜ ሙሴ ቆመው እንዲያዩት ያዘዛቸው የእግዚአብሔር ማዳን በዕብራይስጥ ይሹዓ ይባላል። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 3 ጎቶንያል ሕዝቡን ከባዕድ ንጉሥ እጅ ባወጣ ጊዜ አዳኝ ተብሏል። ኢያሱ የሚለው ስም ከዚሁ ከማዳን የወጣ ነው። የጌታችንም ስም ኢየሱስ ከዚሁ ነው፤ ወንጌላዊው ማቴዎስም በምዕራፍ 1 በ21ኛው ቍጥር የስሙን ምክንያት ሲተረጕም ሕዝቡን ከኃጢአታቸው የሚያድን ስለ ሆነ ነው ይላል። ይህን የሚያስተውል ሰው የአማሌቅን ታሪክ እንደ ገና ቢመለከት ደስ የሚያሰኝ ምሥጢር ያገኛል፤ በላይ በኰረብታው የጸናው እጅ እምነት፣ በታች በሸለቆው የሚዋጋው ኢያሱ መድኃኒት ነው። ድሉ የተገኘው በኢያሱ ሰይፍ ነው፤ ነገር ግን እጁ በወረደ ጊዜ አማሌቅ ያይል ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኦሪት መጻሕፍት ወደ ጽርእ ቋንቋ በተመለሱ ጊዜ ኤሙና ፒስቲስ፣ ይሹዓም ሶቴሪያ ወደሚባሉት ቃላት ዘለቁ። ፒስቲስ በጽርእ መታመን ነው፤ አንድም ታማኝነት ነው። ማዳን የሚለውም የጽርእ ግሥ ከበሽታ መፈወስ ነው፤ አንድም ከኃጢአት መዳን ነው። በማርቆስ ምዕራፍ 5 አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ከደዌዋ በተፈወሰች ጊዜ፣ በሉቃስም ምዕራፍ 7 የጌታን እግር በእንባዋ ያጠበችው ሴት ኃጢአትዋ በተሰረየላት ጊዜ የተነገራቸው ቃል አንድ ነው፤ ሁለቱም እምነታቸው እንዳዳናቸው ተነግሯቸዋል።

የኛ አባቶች መጽሐፍን ወደ ግእዝ በመለሱ ጊዜ ይህን ሁለት ወገን አልጣሉትም። በግእዝ ሐይወ ማለት ኖረ ማለት ነው፤ አንድም ዳነ ማለት ነው። መድኃኒት የሚለው ቃል ሰሙ በጽዋ የሚጠጣው ነው፤ ወርቁ ዓለሙን ያዳነው ጌታ ነው። ሃይማኖት የሚለውንም ቃል የቋንቋ ሊቃውንት ከሱርስትና ከአራማይክ ጋራ ያዛምዱታል፤ ሥሩም ከአሜን ሥር ጋራ አንድ ነው። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌላት በዘመናችን በተደረገው ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ እነዚህ ቃላት በኢትዮጵያ ምን ያህል ጥንታውያን እንደ ሆኑ ይታያል።

አሁን ወደ ክርክሩ መነሻ መድረስ ይቻላል። በ49 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከይሁዳ የወረዱ ሰዎች በአንጾኪያ ያሉትን ከአሕዛብ ያመኑትን ካልተገረዙ መዳን እንደማይችሉ ያስተምሯቸው ጀመር። በዚህም የተነሣ ብዙ ክርክር ስለ ሆነ ጳውሎስና በርናባስ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 15 እንደ ተጻፈ በዚያ ጉባኤ ጴጥሮስ ተነሥቶ እስራኤልም አሕዛብም የሚድኑት በአንዱ በጌታ ጸጋ መሆኑን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ነገሩን የቈረጠው ያዕቆብ ነው። አሕዛብን እንዳያስጨንቋቸው፣ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከዝሙት፣ ከታነቀና ከደም እንዲርቁ እንዲጻፍላቸው ፈረደ። አንባቢ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል፤ መልእክቱን የጻፈው ይህ የኢየሩሳሌም ያዕቆብ እንደ ሆነ አባቶች አስተምረዋል፤ እንግዲያስ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ያለውና አሕዛብን ከግዝረት ቀንበር ነጻ ያወጣው አንድ ሰው ነው። የጳውሎስ ተቃዋሚ ሊሆን አይችልም።

ጳውሎስ በ57 ዓመተ ምሕረት ገደማ ከቆሮንቶስ ወደ ሮሜ በላከው መልእክት ጸሐፊው ጤርጥዮስ ነበረ። በምዕራፍ 4 የአብርሃምን ነገር ያነሣበት ምክንያት የዘመን ቍጥር ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ። ልጅ ስላልነበረው ወራሹ የደማስቆው ኤልዔዘር ሊሆን ነው ብሎ ባዘነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ወደ ውጭ አውጥቶ ከዋክብትን አሳየው፤ ዘሩም እንዲሁ እንዲበዛ ተስፋ ሰጠው፤ በዚያችም ሌሊት አመነ። ይህ የሆነው እስማኤል ሳይወለድ ነው፤ እስማኤል ሲወለድ ደግሞ አብርሃም የ86 ዓመት ሰው ነበረ። የተገረዘው በ99 ዓመቱ ነው። እንግዲህ በዚያች ሌሊትና በግዝረቱ መካከል ቢያንስ 13 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት አብርሃም ያልተገረዘ ጻድቅ ነበረ። ጳውሎስ ከዚህ የሚያወጣው ትርጓሜ ግልጽ ነው፤ ግዝረት የጽድቁ ማኅተም ሆነ እንጂ ምክንያቱ አልነበረም፤ ስለዚህም አብርሃም የተገረዙትም ያልተገረዙትም አባት ነው።

ጳውሎስ የሕግ ሥራ ሲል ይልቁንም ምን ማለቱ እንደ ሆነ በዘመናችን የተገኘ መጽሐፍ ያስረዳል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን በአራተኛው ዋሻ በ1952 ከተገኙት ብራናዎች መካከል በ1994 ታትሞ የወጣ አንድ መልእክት አለ፤ እርሱም ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ውኃ መፍሰስ፣ ስለ ጋብቻ ሥርዐት የሚከራከር ነው። ይህንንም ሁሉ የሕግ ሥራ ብሎ ይጠራዋል፤ በመጨረሻም አንባቢው ይህን ቢፈጽም ለጽድቅ የሚቈጠርለት መሆኑን የዘፍጥረትን ቃል በሚመስል አነጋገር ይናገራል። እንግዲህ በጳውሎስ ዘመን አቅራቢያ የሕግ ሥራ የተባለው ቃል ሕዝብን ከሕዝብ ለሚለይ ሥርዐት ይነገር ነበር። ጳውሎስ ለተራበ እንጀራ መስጠትን የነቀፈበት ስፍራ የለም። ይልቁንም ለገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 5 የሚጠቅመው በፍቅር የሚሠራ እምነት መሆኑን ጽፎላቸዋል።

ያዕቆብ የሚወቅሰው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ወንድሙ ራቁቱን ሆኖ፣ የዕለት ምግብ አጥቶ ሲያየው በሰላም ሂድ፣ ጥገብ፣ ሙቅ ብሎ ባዶ እጁን የሚያሰናብተውን ነው የሚገሥጸው። ይህ ሰው እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ያምናል፤ ነገር ግን ያንንስ አጋንንትም አምነው ይንቀጠቀጣሉ። ያዕቆብም አብርሃምን የሚጠራው ከዋክብት ባየባት ሌሊት ሳይሆን ይስሐቅን በመሠዊያ ባኖረበት ቀን ነው፤ ይኸውም በዘፍጥረት ምዕራፍ 22 ያለው ነው። በዚያች ሌሊት የተነገረው ቃል በዚህ ቀን ተፈጸመ ይላል። ስለዚህ ጳውሎስ የእምነትን መጀመሪያ፣ ያዕቆብ የእምነትን ፍጻሜ ተናገሩ። ጳውሎስ ሥሩን አሳየ፤ ያዕቆብ ፍሬውን ጠየቀ። ሥር የሌለው ዛፍ ፍሬ አይሰጥም፤ ፍሬ የማይሰጥም ዛፍ ሥሩ እንደ ደረቀ ይታወቅበታል።

ድኅነትም በጳውሎስ አንደበት የአንድ ቀን ነገር ብቻ አይደለም። በሮሜ ምዕራፍ 8 በተስፋ እንደ ዳንን በኃላፊ ጊዜ፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ገና በመዳን ላይ እንዳለን በአሁን ጊዜ፣ በሮሜ ምዕራፍ 5 ከቍጣው እንደምንድን በትንቢት ጊዜ ይናገራል። በኤፌሶንም ምዕራፍ 2 መዳን በጸጋ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ከሁለት ቍጥር በላይ ሳይርቅ የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ መሆኑን ያስከትላል። ግሡን ሳያረባ ትርጓሜ የሚያወጣ ሰው ከነዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል። ሥራ አያስፈልግም የሚሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ፈያታዊ ዘየማንን ነው፤ ነገር ግን እርሱም በመስቀል ላይ ሳለ ባልንጀራውን ገሠጸ፤ በደሉን አመነ፤ ሁሉ በከዱት ጊዜ ለተሰቀለው ንጉሥ መሰከረ። እጁና እግሩ የተቸነከረ ሰው ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ሠራ።

ይህ ሁሉ እንዲህ ሳለ ክርክሩ እንደ ገና በ5ኛው መቶ ዓመት ተነሣ። ጲላግዮስ የተባለ መነኵሴ ሰው በገዛ ፈቃዱ ኃጢአትን ትቶ ጻድቅ መሆን እንደሚችል አስተማረ፤ የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ግን ፈቃዳችን ራሱ ያለ ጸጋ የማይነሣ መሆኑን ጽፎ ተቃወመው። በ418 በቅርጣግና የተሰበሰበ ጉባኤ የጲላግዮስን ትምህርት አወገዘ፤ በ431 የተሰበሰበው የኤፌሶን ጉባኤም የጲላግዮስን ደቀ መዝሙር ቄለስጥዮስን የሚከተሉትን ካህናት ከሹመታቸው ሻረ። የኤፌሶን ጉባኤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ከሦስቱ ጉባኤያት አንዱ ስለ ሆነ፣ ሰው በራሱ ሥራ ብቻ ይድናል የሚለው ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ስፍራ የለውም።

ከሺህ ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ በጀርመን አገር ተነሣ። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ለኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ድኻው ለሞቱት ወላጆቹ ነፍስ ሲል ከጕሮሮው ቀንሶ ይገዛ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 ይህን ተቃውሞ ተነሣ። በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመን ቋንቋ ሲመልስ በሮሜ ምዕራፍ 3 በ28ኛው ቍጥር በጽርእ የሌለ ብቻ የሚል ቃል ጨመረ፤ በ1530ም የጀርመን ቋንቋ ጠባይ ይህን ያስገድዳል ብሎ መልስ ሰጠ። የያዕቆብንም መልእክት ገለባ መልእክት ብሎ ከሌሎች ሦስት መጻሕፍት ጋራ በመጨረሻ አኖረው። የሚያስደንቀው ግን በእምነት ብቻ የሚለው ቃል በአዲስ ኪዳን ጽርእ የሚገኘው በአንድ ስፍራ ሲሆን፣ እርሱም በያዕቆብ ምዕራፍ 2 በ24ኛው ቍጥር አይደለም ተብሎ የተነገረበት ነው። ሆኖም ለሉተር ቅን ፍርድ ይገባዋል፤ እርሱ ራሱ እምነት ሥራ ፈትቶ የማይቀመጥ ሕያው ነገር እንደ ሆነ በዚያው ዓመት በሮሜ መልእክት መቅድም ጽፏል። የትሬንት ጉባኤ በጥር 1547 ባወጣው ውሳኔ በ16 ምዕራፍና በ33 ግዝት መለሰ። ከዚያ በኋላ አውሮፓ በሃይማኖት ጦርነት ተቃጠለ።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ከዚህ ክርክር ጨርሳ የራቀች አልነበረችም። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ወደ ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋራ ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሉተርም የምስክር ደብዳቤ ሰጥቶ አሰናብቶታል። ይሁን እንጂ ከጳውሎስ ነገር ጋራ ይልቅ የሚቀርበው ጥያቄ የመጣው በ1555 በዐፄ ገላውዴዎስ ቤተ መንግሥት ነው። ፖርቱጋሎች በግራኝ ጦርነት ንጉሡን ከረዱ በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጎንሳሎ ሮድሪግስ መጥቶ የኢትዮጵያን ሃይማኖት ነቀፈ። ከነቀፋውም አንዱ ኢትዮጵያውያን ሰንበትን ስለሚያከብሩና ስለሚገረዙ እንደ አይሁድ ናቸው የሚል ነበረ። እንግዲህ በአንጾኪያ የተነሣው ጥያቄ ከ1500 ዓመት በኋላ ተገልብጦ መጣ፤ ያን ጊዜ ካልተገረዛችሁ አትድኑም ተባለ፤ አሁን ደግሞ ስለ ተገረዛችሁ ክርስቲያን አይደላችሁም ተባለ።

ንጉሡ ሃይማኖቱን በጽሑፍ ሲመልስ ግዝረት በአገሩ የሚደረገው እንደ አይሁድ ለመዳን ተብሎ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ መሆኑን ገለጸ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ነው አለ። ማስረጃ ያደረገውም ራሱን ጳውሎስን ነው፤ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም የገላትያን መልእክት ጠቀሰ። በዚህ መልሱ ላይ ኵራትም ፍርሃትም አይታይም። ልማዱን አልጣለም፤ ነገር ግን በልማዱ ላይ መዳኑን አላኖረም። ይህ ሮሜ ምዕራፍ 4ን በሚገባ ያነበበ ሰው መልስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1559 በጦር ሜዳ ሞተ።

በአውሮፓም ተለያይተው የነበሩት ከ482 ዓመት በኋላ ጥቂት ተቀራርበዋል። ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራውያን የዓለም ማኅበር ሰው የሚጸድቀው በክርስቶስ ማዳን በማመን፣ በጸጋ ብቻ እንጂ በራሱ ሥራ ዋጋ አለመሆኑን፣ ጸጋውንም የተቀበለ ሰው ለመልካም ሥራ የሚጠራ መሆኑን በአንድነት የሚናገር ጽሑፍ ፈረሙ። በ2006 ሜቶዲስቶች፣ በ2017 የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ተጨመሩበት። ልዩነታቸው ሁሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት እርስ በርስ የተወራወሩት ግዝት በዛሬ ትምህርታቸው ላይ እንደማይወድቅ መስክረዋል። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተገኘው ይህ ቃል በኤፌሶን መልእክት በሦስት ቍጥር ተጽፎ የነበረ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለካህኑም ለከተማው ሰውም ነው። ጾሙንና ስግደቱን ቈጥሮ እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ የሚያደርግ ሰው ከጳውሎስ ይማር፤ አብርሃም በዚያች ሌሊት በእጁ የያዘው ሥራ አልነበረም፤ በፊቱ የነበረው ተስፋ ብቻ ነው። አምኛለሁና ድኛለሁ ብሎ በደጁ የወደቀውን ርቦተኛ አልፎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከያዕቆብ ይማር፤ ያ ሌሊት የሞሪያን ተራራ ያስወጣ እምነት ባይሆን ኖሮ የአብርሃም ስም ዛሬ ባልተጠራም ነበር። ሐዋርያት አልተጣሉም። የተጣላው የአንዱን ገጽ አንብቦ የሌላውን የዘለለ አንባቢ ነው።